ዋት ማብዛት ኔትወርክ ማብዛት አይደለም

የቴሌኮም ገበያችን ከአንድ ሻጭ ወደ ሁለት ሻጭ ከተሸጋገረ ወዲህ ወሬው ሁሉ በሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው፤ በጥቅል ዋጋ፣ በደንበኛ ቁጥርና በማማ ብዛት። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ዓ.ም በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ሲያሸንፍም ሆነ በመስከረም 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት በይፋ ሲጀመር ሲቆጠር የነበረው ይኸው ነበር። በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ግን አራተኛ ነገር አለ። ማንም በአደባባይ አይቆጥረውም፣ ሁላችንም ግን እንከፍለዋለን። እሱም ዋት ነው።

እንደሚታወቀው ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ማማ የሚሠራው በናፍታ ጄኔሬተር፣ በባትሪና በፀሐይ ኃይል ነው። ናፍታው፣ ባትሪውና የፀሐይ ፓነሉ የሚመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር የሚያስወጣ ነገር ሁሉ በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደከበደ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማማው ሥር የሚነደው ናፍታ ዞሮ ዞሮ የሚወራረደው ከደንበኛው ኪስ ነው፤ ወይ በጥቅል ዋጋ፣ ወይ ባልተስፋፋ አገልግሎት።

በመሆኑም «ኔትወርክ የለም» የሚል አቤቱታ በተሰማ ቁጥር «ኃይሉን ጨምሩልን» የሚለው ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው በብዙ ቦታ መልሱ ዋት መጨመር ሳይሆን ያለውን ዋት በቅብብሎሽ ጣቢያ ማከፋፈል ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ቅብብሎሹ ራሱ ኪሳራ ነው። የትኛው ቦታ የትኛው እንደሆነ በስሜት የሚፈረድ ጉዳይ ሳይሆን በሒሳብ የሚወጣ ነው።

የማማው ድምፅ ይደርሳል፣ የስልኩስ?

በአንድ ትልቅ ማማ ላይ ያለ የ4ጂ ማሰራጫ በተለምዶ እስከ 40 ዋት ድረስ ያሰራጫል። በኪሳችን ያለው ስልክ ግን በ4ጂ ሊያሰራጭ የሚችለው ቢበዛ 0.2 ዋት ነው። የ200 እጥፍ ልዩነት ነው። ማማው በትላልቅ አንቴናዎቹና በጥሩ መቀበያው የስልኩን ደካማ ድምፅ ለማዳመጥ ይጥራል፤ ቢሆንም ርቀቱ ሲበዛ አስቀድሞ የሚጠፋው የስልኩ ድምፅ ነው። ስልኩ ላይ ምልክቱ እየታየ ጥሪው አልወጣም የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ የማማው ኃይል ወደ 80 ዋት ቢያድግ ምን ይፈጠራል? የማማው ድምፅ የበለጠ ይሰማል። የስልኩ ድምፅ ግን እዚያው የነበረበት ነው። ምልክቱ ይጨምራል፣ ጥሪው አይጨምርም። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሉታል ይህ ነው። ይባስ ብሎም ከማማ የራቀ ስልክ እንዲሰማ ሲል ያለ የሌለ ኃይሉን ስለሚጠቀም ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ገበያ ወጥቶ ስልኩን በክፍያ ቻርጅ የሚያስደርገው ገበሬ የዚህ ዕዳ ከፋይ ነው።

ርቀት በእጥፍ፣ ኃይል በ16 እጥፍ

የራዲዮ ሞገድ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። ምንም በማይጋርደው ነፃ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ቢጨምር ተመሳሳይ ድምፅ ለማድረስ 4 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። በሕንፃና በዛፍ መካከል፣ ወይም መሬት ለመሬት ሲሄድ ግን ድካሙ የከፋ ነው፤ እንደ ቦታው 8 ወይም 16 እጥፍ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው ቅብብሎሽ ትርጉም የሚያገኘው። የ16 እጥፉን ሕግ ይዘን ከማማውና ከተጠቃሚው እኩል ርቀት ላይ፣ መሐል መንገድ አንድ ትንሽ የቅብብሎሽ ጣቢያ እንትከል። የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ከቀጥታው ኃይል 1/16ኛውን፣ ሁለተኛውም እንዲሁ 1/16ኛውን ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ 1/8ኛ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ተረት በሞገድም ይሠራል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ስልኩ ድምፁን የሚያሰማው ለሩቁ ማማ መሆኑ ቀርቶ ለቅርቡ ጣቢያ ስለሚሆን ከላይ ያነሳነው የ0.2 ዋት ችግር ይቃለላል።

የአገራችን መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱን ምክንያት ይጨምራል። ከተራራ ጀርባ ያለ ሸለቆ የሚቸግረው ኃይል ሳይሆን ግርዶሽ ነው። ማማው ዋቱን በአሥር እጥፍ ቢጨምር ተራራው ቦታውን አይለቅም። ጫፉ ላይ የተተከለ ትንሽ ጣቢያ ግን ወዲያም ወዲህም ያያል።

ቅብብሎሽ ነፃ አይደለም

ይህን ስንል ግን ነገሩ ሁሉ ትርፍ ነው ማለታችን አይደለም። የቅብብሎሽ ጣቢያ በተለመደው አሠራር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በአንድ ጊዜ ማዳመጥም መናገርም አይችልም፤ የራሱ ድምፅ ጆሮውን ያደነቁረዋል። ስለዚህ ግማሹን ጊዜ ያዳምጣል፣ ግማሹን ጊዜ ያስተላልፋል። በቀጥታው መስመር በአንድ ሴኮንድ ይሄድ የነበረው መረጃ አሁን በግማሽ ሴኮንድ ተጨቅጭቆ ማለፍ አለበት። መጨቅጨቁ ደግሞ ዋጋ አለው። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ በ1948 ባሳየው ሕግ መሠረት ድምፁ ከሁካታው በላይ ከወጣ በኋላ ኃይልን በእጥፍ መጨመር የሚያስገኘው በእያንዳንዱ ኸርዝ በሴኮንድ ወደ 1 ቢት ገደማ ጭማሪ ብቻ ነው። ፍጥነትን በእጥፍ ማሳደግ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል።

ሒሳቡን እንሥራው። የ16 እጥፉ ሕግ እንዳለ ሆኖ ጣቢያው መሐል ላይ ይሁን፤ ከማማው በቀጥታ ለተጠቃሚው የሚደርሰውን ትርፍራፊ አንቁጠር። ቀጥታው መስመር ለአንድ የተወሰነ ፍጥነት የሚፈጀውን አማካይ ኃይል 16 እጅ እንበለው። ፍጥነቱ በኸርዝ በሴኮንድ 1 ቢት ከሆነ የማማውና የቅብብሎሽ ጣቢያው ድምር 3 እጅ ብቻ ነው። 2 ቢት ሲሆን 5 እጅ፣ 3 ቢት ሲሆን 9 እጅ ይሆናል። 4 ቢት ሲደርስ ግን 17 እጅ ነው። እዚህ ላይ ቅብብሎሹ ከቀጥታው በልጦ ይበላል ማለት ነው። ሞገዱ በ8 እጥፍ ብቻ በሚደክምበት ቦታ ደግሞ ኪሳራው ገና ከ3 ቢት ላይ ይጀምራል። በዚህ ላይ ጣቢያው ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ የቦታ ኪራዩና የጥበቃው ደመወዝ አልተደመሩም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቅብብሎሽ የሚያዋጣው ሩቅ ለሆነና መጠነኛ ፍጥነት ለሚበቃው ደንበኛ ነው፤ ለጥሪ፣ ለመልእክት፣ ለሞባይል ገንዘብ፣ ለገበያ ዋጋ መጠየቂያ። ቪዲዮ በሚጋልብበት የከተማ መሐል ቅብብሎሽ ማብዛት ግን ቆጥ ላይ ያለውን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለችው መሆን ነው። ዋት ለማትረፍ ሲሉ ጊዜንና ፍሪኩዌንሲን ይከስራሉ። ፍሪኩዌንሲ ደግሞ በነፃ የመጣ ዕቃ አይደለም፤ ፈቃድ የሚጠይቅና ሒሳብ የሚወራረድበት ሀብት ነው።

በአጭሩ፣ ዋት ውድ በሆነበትና ፍሪኩዌንሲ ሥራ ፈቶ በሚውልበት ገጠር ቅብብሎሽ ይግባ። ፍሪኩዌንሲ በተጨናነቀበትና የኤሌክትሪክ መስመር ደጅ ላይ ባለበት መርካቶ በቀጥታ ከኬብል ጋር የተያያዘ ጣቢያ ይተከል።

17 ዋት እንዴት ይከፈል?

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ያለውን ኃይል ለማማውና ለቅብብሎሽ ጣቢያው እንዴት እናከፋፍል የሚለው ነው። ብዙ ሰው እኩል ይካፈሉ ይላል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ብክነት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ጣቢያው ከማማው 1 ኪሎ ሜትር፣ ተጠቃሚው ከጣቢያው 2 ኪሎ ሜትር ይራቅ። በጠቅላላው 17 ዋት አለን። በ16 እጥፉ ሕግ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው 16 ጊዜ የከበደ ነው። እኩል ብንከፍለው ለእያንዳንዱ 8.5 ዋት ይደርሰዋል። የመጀመሪያው መንገድ ከበቂ በላይ ይጮኻል፣ ሁለተኛው ያቃስታል። ሰንሰለት የሚጠነክረው በደካማው ቀለበቱ ልክ በመሆኑ ያ ሁሉ ጩኸት ከንቱ ነው። አሁን ለማማው 1 ዋት፣ ለጣቢያው 16 ዋት እንስጥ። ሁለቱ መንገዶች እኩል ይሆናሉ፤ የደካማው መንገድ ኃይልም ከ8.5 ወደ 16፣ ማለትም ወደ እጥፍ ገደማ ያድጋል። አንድ ዋት እንኳ አልተጨመረም! የተለወጠው ክፍፍሉ ብቻ ነው።

ይህ ክፍፍል የሚሠራው ጣቢያው የሰማውን ፈትቶና አጥርቶ እንደገና ለሚናገር ዓይነት ነው። ርካሹ ዓይነት ግን የሰማውን ሳያጠራ ከነሁካታው አጉልቶ ያስተላልፋል። ለዚህኛው በመጀመሪያው መንገድ ላይ ንፁህ ድምፅ መድረሱ የበለጠ ስለሚያስፈልግ ክፍፍሉ በግምት 1 ለ 4 ይሆናል፤ ለማማው 3.4 ዋት፣ ለጣቢያው 13.6 ዋት ማለት ነው። መሣሪያው ሲለወጥ ሒሳቡም ይለወጣል። ባለሙያዎች ይህን ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ኮቨርና ኤል ጋማል የቅብብሎሽ መስመርን አቅም የሚመለከተውን ዋና ጥናታቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ በ1979 ነው። በ4ጂና በ5ጂ የዓለም ደረጃዎች ውስጥም ቅብብሎሽ ቦታ አግኝቷል። ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው የገበያ ሒሳቡ ነው።

የገበያ ሒሳቡ ምን ይላል? ዋት ሁሉ አንድ ዋት አይደለም ይላል። ማማው ከመብራት ኃይል መስመር ላይ ከሆነና ጣቢያው በፀሐይና በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የጣቢያው አንድ ዋት ከማማው አንድ ዋት ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ መቀነስ ያለበት የዋት ድምር ሳይሆን የብር ድምር ነው። ባትሪው በሙሉ ኃይሉ በሚገኝበት ቀን ለጣቢያው ይጨመርለታል። ደመና በዋለበት በክረምት ምሽት ደግሞ ማማው የቻለውን ያህል ይሸፍንና ጣቢያው ይቆጥባል። ሌሊት ተጠቃሚ ሲጠፋ ጣቢያው ያሸልባል። አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ለዘለዓለም የሚተው ቁልፍ አይደለም።

በተርታና በጎን ለጎን

እዚህ ላይ አንድ ሊምታታ የማይገባ ነገር አለ። ከላይ ያየነው መንገዶቹ በተርታ ሲሆኑ ነው፤ አንዱ ካበቃበት ሌላው ይቀጥላል። በዚያ ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ለደካማው ነው። መንገዶቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን፣ ማለትም አንድ ማማ ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን ወይም ብዙ ደንበኞችን በአንድ ጊዜ ሲያገለግል፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ጠቅላላውን መረጃ ለማብዛት ከተፈለገ ብዙ ኃይል የሚሰጠው ጥሩ ለሆነው መንገድ ሲሆን እጅግ ደካማ ለሆነው ጭራሽ አይሰጥም። ባለሙያዎቹ ይህን ወጣ ገባ ወለል ባለው ገንዳ ውስጥ ውኃ እንደመሙላት ያዩታል፤ ውኃው በጎድጓዳው ይጠራቀማል፣ ጉብታው ደረቅ ሆኖ ይቀራል።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉብታው ማን ነው? ሩቅ ያለው ደንበኛ ነዋ! ኩባንያው ጊጋባይት ማብዛትን ብቻ ካሰላ ከማማው አጠገብ ያለው ሆቴል ይጠግባል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ይደርቃል። በሪፖርት ላይ ግን ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። ቁጥሩን በትክክል አስልቶ ሰውን የሚያስቀር አሠራር ቀልጣፋ ነው ልንለው አንችልም። በሌላ ጽንፍ ሁሉም እኩል ፍጥነት ያግኝ ከተባለ ደግሞ አንድ እጅግ የራቀ ደንበኛ የማማውን ኃይል ሁሉ ጠጥቶ ሌላውን ሁሉ ያስርባል።

የዚህ ጸሐፊ አቋም መሐለኛው ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጥሪና የሞባይል ገንዘብ የሚያስኬድ ዝቅተኛ ፍጥነት ይረጋገጥ። ከዚያ የተረፈው ኃይል ውኃው በወደደው ይፍሰስ። ቅብብሎሹ የሚገባውም ይህን ዝቅተኛ ወለል በርካሽ ለማዳረስ ነው። ከላይ እንዳየነው በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ትርፉ ከፍተኛ ነውና።

ከሱቅ የሚገዛው ማጉያ

አንዳንድ ባለሱቅና ባለሆቴል ኩባንያ እስኪደርስለት አይጠብቅም፤ የሲግናል ማጉያ ገዝቶ ጣሪያው ላይ ይሰቅላል። ምድር ቤት ላለ ሱቅ ደንበኛ በስልክ መክፈል ሲያቅተው ባለቤቱ ምን ያድርግ? አይፈረድበትም።

ጉዳቱ ግን ለጎረቤት ነው። ደረጃውን ያልጠበቀ ማጉያ የስልኩን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሁካታውንም አጉልቶ ወደ ማማው ይልካል። ማማው በሁካታ ሲሞላ የሌሎቹን ስልኮች ድምፅ መለየት ያቅተዋል፤ እነሱም ለመሰማት ኃይላቸውን ይጨምራሉ። የውጪውና የውስጡ አንቴና ከተቀራረቡ ደግሞ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ እንደሚፈጠረው ዓይነት ጩኸት ይነሳል። አንዱ ሱቅ ሲሰማ ሰፈሩ ይደነቁራል።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ2013 ለዚህ ችግር ሥርዓት አበጅቷል። ማጉያው ኃይሉን ራሱ እንዲቆጣጠር፣ ማወክ ሲጀምር ራሱን እንዲያጠፋ፣ ተጠቃሚውም በኩባንያው ፈቃድ እንዲመዘገብ የሚያዝ ነው። ጥሩ መንገድ ነው። ጭራሽ መከልከል ንግዱን ወደ ጓዳ ያስገባዋል፤ ጭራሽ መልቀቅ ደግሞ ሞገዱን ያበላሻል። ኃይሉን የሚለካና የሚገድብ ማጉያ ደረጃው ተፈትሾ በግልጽ ይሸጥ፣ ያልተፈተሸው ይቅር።

ምን ይደረግ?

ትንንሽ ጣቢያዎች አያዋጡም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ባትሪ ይሰረቃል፣ ጥበቃ ይፈልጋሉ፣ ጥገናው ሩቅ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። መልሱ ግን ጣቢያ መተው ሳይሆን ወጪውን መጋራት ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ማማ በኪራይ መጋራት ከጀመሩ ቆይተዋል። አንድ ምሰሶ፣ አንድ የፀሐይ ፓነልና አንድ ጠባቂ ለሁለት ኩባንያ ቢያገለግል ለአንዱ የማያዋጣው ቦታ ለሁለቱ ሊያዋጣ ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሦስት ነገር ቢያደርግ ገበያው ይጠቀማል። አንደኛ፣ ኩባንያዎች ስንት ማማ እንዳቆሙ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ጊጋባይት ስንት ኪሎዋት ሰዓትና ስንት ሊትር ናፍታ እንዳወጡ፣ የከተማውንና የገጠሩን ለይተው እንዲያሳውቁ ያድርግ። ሁለተኛ፣ የሽፋን ግዴታ ሲመዘን የማማው ድምፅ ስልኩ ዘንድ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ከሽፋኑ ዳር ላይ ያለ ተራ ስልክ ድምፅ ማማው ዘንድ መድረሱም ይለካ። ሦስተኛ፣ የጋራ የቅብብሎሽ ጣቢያዎችንና ደረጃቸውን የጠበቁ ማጉያዎችን የሚመለከት አጭርና ግልጽ መመሪያ ይኑር።

ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ይህን ለመሥራት መመሪያ መጠበቅ የለባቸውም። አንድ ዋት ሳይጨምሩ የደካማውን መንገድ ኃይል በእጥፍ ገደማ ማሳደግ እንደሚቻል በ17 ዋቱ ምሳሌ አይተናል። በዶላር የተገዛ ናፍታ እያነደደ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ዋጋ ልጨምር ቢል ደንበኛው አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው፤ ለመሆኑ እስከ ዛሬ ያስከፈላችሁን ዋት የት የት ነው የዋለው?